ኤልና የሕዝብ ቤት፤ በእንግሊዝ አገር ጠጪዎች ስለ መጠጣቸውና ስለ መሰብሰቢያቸው ያደረጉት ትግል

አንድ ሕዝብ የሚጠጣው መጠጥ ከምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚጠምቀው፣ በየትኛው ቤትና በምን ሥርዓት እንደሚጠጣ መመርመር የዚያን ሕዝብ ማኅበራዊ ኑሮ ለማወቅ ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ ነው። በእንግሊዝ አገር ለዚህ ምርመራ የሚመች አንድ ልዩ ታሪክ ይገኛል። ይኸውም በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ሊጠፋ የተቃረበ አንድ ጥንታዊ መጠጥ በመንግሥት ትእዛዝ ወይም በባለጠጋ ችሮታ ሳይሆን፣ ተራ ጠጪዎች በመሠረቱት ማኅበር ጥረት መዳኑ ነው። ነገር ግን ያው ማኅበር መጠጡን ካዳነ በኋላ መጠጡ የሚጠጣበት ቤት ከእጁ ሲያመልጥ አየ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የትግሉን መነሻና አካሄድ ገልጦ፣ መጠጡና ቤቱ ተለያይተው ሊጠበቁ የማይችሉበትን ምክንያት ማሳየት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

1፤ የመጠጡ ጠባይ

ኤል የሚጠመቀው ከገብስ ብቅል፣ ከውሃ፣ ከእርሾና ሆፕስ ከሚባለው ሐረግ አበባ ነው። ሆፕስ ለኤል የሚሰጠው አገልግሎት ጌሾ ለጠላ ከሚሰጠው ጋር ይመሳሰላል፤ መራራ ጣዕም ይሰጠዋል፣ ቶሎ እንዳይበላሽም ይጠብቀዋል። በጥንት ዘመን ግን እንግሊዞች «ኤል» ይሉት የነበረው ሆፕስ ያልገባበትን መጠጥ ነበር። ሆፕስ ያለበት «ቢር» የተባለው መጠጥ በ15ኛው ምዕተ ዓመት ከባሕር ማዶ፣ ከፍላንድርስና ከሆላንድ ወገን ገብቶ ከብዙ ክርክር በኋላ አገሩን ለመደ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ስሞች ልዩነት እየደበዘዘ ሄዶ፣ ኤል የሚለው ቃል ሞቅ ባለ ቦታ ፈልቶ እርሾው ወደ ላይ ለሚንሳፈፈው የቢራ ዓይነት መጠሪያ ሆነ።

በኋላ ዘመን «እውነተኛ ኤል» ተብሎ የተጠራው መጠጥ ከሌላው ቢራ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ሕያው ነው። እርሾው አልተጣራም፣ በሙቀትም አልተገደለም። በበርሜል ከተሞላ በኋላ በውስጡ የቀረው እርሾ የተረፈውን ስኳር እየበላ ለሁለተኛ ጊዜ ይፈላል። በርሜሉ በመጠጥ ቤቱ ሥር ባለው ምድር ቤት በጐኑ ይጋደማል፤ ከመጠን ያለፈው ጋዝ አየር በሚያስወጣ የእንጨት ውታፍ አማካይነት በዝግታ እንዲተነፍስ ይደረጋል። ከዓሣ የሆድ ፊኛ የሚዘጋጅ ማጥሪያ አተላውን ወደ ታች ያዘቅጠዋል። የምድር ቤቱ ሙቀት በሴንቲግሬድ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት። መጠጡ ጠርቶ ሲደርስ በእጅ በሚሳብ ፓምፕ ወይም በቀጥታ ከበርሜሉ ይቀዳል። ጆዜፍ ብራማ የተባለው መሐንዲስ እንዲህ ላለው ፓምፕ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1797 ነው። በርሜሉ አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ መጠጡ በወጣ መጠን አየር ይገባበታልና በጥቂት ቀናት ውስጥ መጠጣት ይኖርበታል፤ አለዚያ ይኮመጥጣል።

ይህ አሠራር ለዚህ ጽሑፍ አሳብ መሠረት ነው። ኤል ተሠርቶ የሚያልቀው በፋብሪካ አይደለም። ጠማቂው የጀመረውን ሥራ የሚፈጽመው ባለ መጠጥ ቤቱ ነው፤ እርሱ ሰነፍ ወይም ያልሠለጠነ ከሆነ የጠማቂው ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በርሜሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባዶ እንዲሆንም በቂ ጠጪ ወደ ቤቱ መምጣት አለበት። ስለዚህ ኤል የጠማቂው፣ የባለ ቤቱና የጠጪው የጋራ ሥራ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

2፤ የሕዝብ ቤት

የእንግሊዝ መጠጥ ቤት «ፐብሊክ ሐውስ» ይባላል፤ ትርጓሜው የሕዝብ ቤት ማለት ነው። በዕለት ንግግር አሳጥረው «ፐብ» ይሉታል። መነሻው ግን የግል መኖሪያ ነበር። በመካከለኛው ዘመን በገጠር ኤልን የሚጠምቁት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ነበሩ፤ ለቤተ ሰባቸው ከጠመቁት የተረፈውን ለጐረቤት ይሸጡት ነበር። ጠመቃው በደረሰ ጊዜ ከደጃፋቸው ረዘም ያለ እንጨት አውጥተው በጫፉ ቅጠል ያስሩ ነበር። ይህ ምልክት በኢትዮጵያ ጠላ ሻጭ በእንጨት ጫፍ ጣሳ ደፍታ በደጃፏ ከምታቆመው ምልክት ጋር በአሳብ አንድ ነው። ይሁን እንጂ የእንግሊዟ ጠማቂ በዚህ ምልክት የምትጠራው ጠጪውን ብቻ አልነበረም፤ የኤል ቀማሹንም ሹም ነበር። በንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ዘመን፣ በ1266 ገደማ የወጣው የዳቦና የኤል ደንብ የመጠጡን ዋጋ ከእህሉ ዋጋ ጋር አያይዞ ስለ ወሰነ፣ በየመንደሩ የተሾሙት ቀማሾች ጥራቱንና መስፈሪያውን እየመረመሩ ጥፋተኛውን ለፍርድ ያቀርቡ ነበር። የዚያ ዘመን የመንደር ችሎት መዝገቦች በጠማቂ ሴቶች ስም የተሞሉት ስለዚህ ነው።

ሆፕስ ያለበት መጠጥ ብዙ ጊዜ መቆየትና ሩቅ መጓዝ በመቻሉ፣ ጠመቃ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ንግድ ሆነ። ጁዲት ቤኔት የተባሉት የታሪክ ሊቅ በ1996 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ በ1300 የሴቶች የነበረው ሥራ በ1600 ገደማ በአብዛኛው ወደ ወንዶች እጅ ተላልፎ ነበር። ጠመቃው ከቤት ሲወጣ የመሸጫው ቤት ለብቻው ቆመ፤ መንግሥትም ይቈጣጠረው ጀመር። በ1552 የወጣው ሕግ ማንም ሰው ከአካባቢው ዳኞች ፈቃድ ሳይቀበል የኤል ቤት እንዳይከፍት ከለከለ። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ጂን የተባለው ብርቱ መጠጥ የለንደንን ድኻ ባጠቃ ጊዜ ሠዓሊው ዊልያም ሆጋርት በ1751 ሁለት ሥዕሎች አትሞ፣ በአንደኛው የጂንን ጥፋት በሁለተኛው የቢራን በጎነት አሳየ። ከዚያ ወዲህ ቢራ የጤነኛና የሠራተኛ ሰው መጠጥ ነው የሚለው አስተሳሰብ በሕዝቡ ዘንድ ጸንቶ ቆየ። በ1830 የወጣው ሕግ ደግሞ ማንኛውም ግብር ከፋይ 2 ጊኒ ከፍሎ ያለ ዳኞች ፈቃድ ቢራ እንዲሸጥ ስለ ፈቀደ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ20,000 የሚበልጡ አዳዲስ ቤቶች ተከፈቱ። ይህ ልቅነት የተገታው በ1869 ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመሣሪያ ሠራተኞች በስካር ምክንያት ሥራ እንዳይፈቱ ተብሎ መጠጥ ቤቶች ከቀትር በኋላ እንዲዘጉ ታዘዘ፤ ይህ ሥርዓት በአዘቦት ቀን የተሻረው በ1988 ነው። በካርላይል ከተማና በአካባቢው መንግሥት ከ1916 ጀምሮ ፋብሪካዎቹንና መጠጥ ቤቶቹን ራሱ ገዝቶ ከ50 ዓመት በላይ አስተዳደረ። ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ስለ ቤቱ ባሕርይ የሚያስተምረው በ1915 የወጣው ሌላ ትእዛዝ ነው፤ እርሱም አንድ ሰው ለሌላው ሰው መጠጥ እንዳይገዛ የሚከለክል ነበር። በእንግሊዝ ልማድ አብረው የተቀመጡ ሰዎች በየተራ ለሁሉም ይገዛሉ፤ ተራውን የሚዘል ሰው በጓደኞቹ ዘንድ ይነቀፋል። ባለ ሥልጣኖቹ ይህን ልማድ ሊሽሩ መነሣታቸው፣ መጠጡን ወደ ሰው የሚያደርሰው ጥማት ብቻ ሳይሆን የወዳጅነት ዕዳ መሆኑን ያወቁ መሆናቸውን ያሳያል።

የመጠጥ ቤቱን ማኅበራዊ ሥርዓት በሚገባ ያጠኑት ማስ ኦብዘርቬሽን የተባለው የጥናት ድርጅት ሠራተኞች ናቸው። እነርሱ ከ1937 ጀምሮ በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው በቦልተን የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ተቀምጠው፣ ጠጪው በስንት ደቂቃ ብርጭቆውን እንደሚጨርስ ሳይቀር እየቈጠሩ የሰበሰቡት ማስረጃ በ1943 በመጽሐፍ ታተመ። እንዳገኙት ከሆነ የከተማው ሰዎች ከመኖሪያቸውና ከሥራ ቦታቸው በቀር፣ ቤተ ክርስቲያንንና ሲኒማ ቤትን ጨምሮ፣ እንደ መጠጥ ቤት ብዙ ሰዓት የሚያሳልፉበት ሌላ ቤት አልነበረም። ቤቱም በክፍል የተከፋፈለ ነበር፤ አንደኛው ክፍል ወንዶች የሥራ ልብሳቸውን ሳይለውጡ የሚቆሙበት፣ ሌላው ሴቶችም የሚገቡበትና መጠጡ በአንድ ፔኒ የሚወደድበት ነበር። የከተማው የማዕረግ ልዩነት በአንድ ጣራ ሥር በግድግዳ ተለይቶ ይታይ ነበር።

3፤ የኬግ መምጣትና የፋብሪካዎች መጠቅለል

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ትልልቆቹ ጠማቂ ኩባንያዎች ከሕዝብ በአክሲዮን ገንዘብ እየሰበሰቡ መጠጥ ቤቶችን በብዛት ገዙ። እንዲህ ያለው ቤት «የታሰረ ቤት» ይባላል፤ ቤቱን የሚከራየው ሰው ከባለ ንብረቱ ፋብሪካ በቀር የሌላ ፋብሪካ ቢራ ሊሸጥ አይፈቀድለትም። በምላሹ የቤት ኪራዩ ይቀነስለታል፤ አነስተኛ ገንዘብ ያለው ሰውም ንግድ ለመጀመር ይችላል። ብዙ ፋብሪካዎች በነበሩበት ዘመን ይህ ሥርዓት በየአውራጃው የተለያየ ጣዕም ያለው ቢራ እንዲቆይ ረድቶ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ፋብሪካዎቹ እርስ በርሳቸው ተዋዋጡ። በ1970 ገደማ አላይድ፣ ባስ ቻሪንግተን፣ ከሬጅ፣ ስኮቲሽ ኤንድ ኒውካስል፣ ዋትኒ ማንና ዊትብሬድ የተባሉት 6 ኩባንያዎች አብዛኛውን ገበያ ይዘው ነበር። በመላ አገሩ የቀሩት የቢራ ፋብሪካዎች 200 አይሞሉም ነበር። በራሳቸው ቤት እየጠመቁ ከሚሸጡት ጥንታውያን መጠጥ ቤቶች መካከል የቀሩት 4 ብቻ ናቸው፤ እነርሱም በሄልስተን፣ በማድሌይ፣ በቢሾፕስ ካስልና በኔዘርተን የሚገኙት ናቸው።

መጠቅለሉ ብቻውን ኤልን አያጠፋውም ነበር፤ ያጠፋው የነበረው «ኬግ» የተባለው አዲስ አሠራር ነው። ኬግ የታሸገ የብረት በርሜል ነው። በውስጡ የሚገባው ቢራ ተጣርቶና በሙቀት እርሾው ተገድሎ፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ግፊት ቀዝቅዞ ይቀዳል። ዋትኒ የተባለው ኩባንያ በ1930ዎቹ ይህን ሲሞክር የመጀመሪያው ደንበኛ በለንደን አጠገብ ያለ አንድ የቴኒስ ክበብ እንደ ነበረ ይነገራል። አባሎቹ የሚመጡት በሳምንት መጨረሻ ብቻ በመሆኑ የበርሜል ኤል እየተበላሸባቸው ተቸግረው ነበር። ከዚህ እንደሚታየው ኬግ የተፈለሰፈው ጠጪ ለማይበዛበትና ጠባቂ ለሌለው ቤት ነው። በ1960ዎቹ ግን ፋብሪካዎቹ ለማንኛውም ቤት እንዲሆን አደረጉት። ለዚህም በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ መጠጡ በሄዱበት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ በቴሌቪዥን ለማስታወቅ ይመቻል፣ ባለ መጠጥ ቤቱም የምድር ቤት ጥበብ ማወቅ አያስፈልገውም። በብዙ ቤት የሚቀዳው የበርሜል ኤልም በቸልተኝነት የተነሣ የደፈረሰና የኮመጠጠ ስለ ነበር፣ ኬግን በደስታ የተቀበሉ ጠጪዎች ጥቂቶች አልነበሩም። ሆኖም ባለ መጠጥ ቤቱ የጥበብ ባለቤት መሆኑ ቀርቶ ቧንቧ ከፋች ብቻ ሆነ፤ ጠጪውም በታሰረው ቤት የሚመርጠው ሌላ መጠጥ አጣ።

4፤ የጠጪዎች ማኅበር

የመጀመሪያው ተቃውሞ ቀልድ የተቀላቀለበት ነበር። በ1963 በኤፕሰም ከተማ ባለ አንድ መጠጥ ቤት የተሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች ከእንጨት በርሜል የሚቀዳውን ቢራ ለመጠበቅ ማኅበር አቋቋሙ። ይሁን እንጂ ነገሩ የእንጨቱ አልነበረም፤ በብረት በርሜልም ቢሆን እርሾው ሕያው ከሆነ ኤሉ ኤል ነው። ይህን የለየው በ1971 የተመሠረተው ማኅበር ነው። ማይክል ሐርድማን፣ ግራሃም ሊስ፣ ጂም ሜኪንና ቢል ሜለር የተባሉ አራት እንግሊዛውያን ወጣቶች በአየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ በእረፍት ላይ ሳሉ፣ በደንኲን መንደር በአንድ መጠጥ ቤት ተቀምጠው ስለ አገራቸው ቢራ መበላሸት ሲያማርሩ ማኅበሩን መሠረቱ። የመጀመሪያው ጠቅላላ ጉባኤ በ1972 በናኒተን ከተማ ተደረገ፤ በ1973ም ማኅበሩ «ዘመቻ ለእውነተኛ ኤል» የሚለውን ስም ያዘ። በአጭሩ ካምራ ይባላል።

የማኅበሩ ኃይል ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ትርጓሜ ነው። ብዙ ሰው «ድሮ ይጠጣ የነበረው ቢራ ይሻል ነበር» ይል ነበር፤ ነገር ግን «የሚሻለው» የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ካልተነገረ ፋብሪካው ማንኛውንም ነገር ጥንታዊ ነው ብሎ ይሸጣል። ማኅበሩ ግን በሚቀዳበት ዕቃ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ የሚፈላና ከውጭ ጋዝ ሳይጨመርበት የሚቀዳ መጠጥ ብቻ እውነተኛ ኤል እንዲባል ወሰነ። ይህ ትርጓሜ አንድ ጠጪ በዓይኑ አይቶ የሚያረጋግጠው ሆነ።

ሁለተኛው ኃይል በየአውራጃው የተቋቋሙት ቅርንጫፎች ናቸው። አባሎቹ ያለ ደመወዝ ከመጠጥ ቤት ወደ መጠጥ ቤት እየዞሩ ኤሉን ይቀምሱ፣ የትኛው ቤት በፓምፕ የትኛው በጋዝ እንደሚቀዳ ይመዘግቡ ጀመር፤ ጥንታዊው የኤል ቀማሽ ሹመት ሹመኛ በሌለበት እንደ ገና ተነሣ ማለት ይቻላል። ከዚህ መዝገብ «መልካም የቢራ መምሪያ» የተባለው መጽሐፍ ተገኘ። በመጀመሪያ በ1972 ለአባሎች ብቻ በጥቂት ገጽ ተሰራጨ፤ በ1974 በማተሚያ ቤት ለሕዝብ ሲወጣ የዋትኒን ቢራ ከቸነፈር ጋር የሚያመሳስል ቃል ስለ ነበረበት፣ አሳታሚው ክስ ፈርቶ ቃሉ እንዲለዝብ አድርጓል። ቅርንጫፎቹ ደግሞ በመጠጥ ቤት ባንኮኒ ላይ በነጻ የሚቀመጡ ትንንሽ ጋዜጦች አወጡ። በነዚህ ገጾች ላይ የሚነበበው የትኛው ቤት ባለቤት እንደ ለወጠ፣ የትኛው ጠማቂ አዲስ ኤል እንዳወጣ፣ የትኛው ቤት ወደ መኖሪያነት እንዲለወጥ ለማዘጋጃ ቤት ማመልከቻ እንደ ቀረበበት ነው። ነገሩ ጥቃቅን ቢመስልም ለተመራማሪ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሌላ ጸሐፊ የሌላቸው ሰፈሮች የ50 ዓመት ዜና መዋዕል በዚህ ተጠብቋል። ማኅበሩ ጥንታዊ መልካቸውን ያልለወጡ መጠጥ ቤቶችን የውስጥ አሠራርም አስጠንቶ ዝርዝሩን በ1997 አሳትሟል።

ትግሉ በወረቀት ብቻ አልቀረም። በ1973 ባስ ቻሪንግተን በስቶን ከተማ ያለውን የጁል ፋብሪካ ሊዘጋ በወሰነ ጊዜ በመቶ የሚቈጠሩ አባሎች በከተማው ተሰልፈው ተቃወሙ። ፋብሪካው በ1974 መዘጋቱ ባይቀርም፣ ስለ ቢራ በአደባባይ መሰለፍ የሚቻል መሆኑ ታወቀ። በ1975 በለንደን በኮቨንት ጋርደን የተደረገው የቢራ ኤግዚቢሽን ብዙ ሺሕ ሕዝብ ሳበ፤ በ1977 በአሌክሳንድራ ፓላስ ታላቁ የብሪታንያ ቢራ በዓል ተጀመረ። ከሁሉም ይልቅ የሚያስገርመው አዳዲስ ጠማቂዎች መነሣታቸው ነው። ዋትኒ የያዘው በኖርዛምፕተን የሚገኘው ጥንታዊ የፊፕስ ፋብሪካ በ1974 ሲዘጋ፣ የመጨረሻው ዋና ጠማቂ ቢል ኧርከርት በዚያው ዓመት በሊችቦሮ መንደር በትንሽ ዕቃ የራሱን ጠመቃ ጀመረ። ብዙ ሰዎችም የእርሱን ምሳሌ ተከተሉ። መንግሥት በ2002 ለትናንሽ ጠማቂዎች የቀረጥ ቅናሽ ከፈቀደ በኋላ ቍጥራቸው ይበልጥ ጨምሮ፣ በ2010ዎቹ መጨረሻ በብሪታንያ ከ1,500 የሚበልጡ ፋብሪካዎች ነበሩ። የማኅበሩም አባሎች በዚያን ጊዜ ከ190,000 በላይ ደርሰው ነበር። በዚህ መለኪያ ኤል ድኗል ማለት ይቻላል።

5፤ የ1989 ትእዛዝና ያልታሰበው ፍሬ

ማኅበሩ ከመጀመሪያው አንሥቶ የታሰረውን ቤት ሥርዓት ይቃወም ነበር። መንግሥት ያቋቋመው የሞኖፖል መርማሪ ኮሚሽን በ1989 ባቀረበው መግለጫ፣ 6ቱ ኩባንያዎች ከቢራው ምርት ሦስት አራተኛ ያህሉን እንደያዙና ይህም ጠጪውን እንደሚጐዳ አስታወቀ፤ አንድ ጠማቂ ከ2,000 የሚበልጥ መጠጥ ቤት እንዳይኖረውም አሳሰበ። ኩባንያዎቹ በብዙ ገንዘብ ተከራክረው አሳቡን አለዘቡት። በመጨረሻ የወጣው ትእዛዝ ከ2,000 በላይ ያለውን ቤት ሁሉ ሳይሆን ግማሹን ብቻ እስከ 1992 ከእስራት እንዲፈቱ የሚያዝ ሆነ። ሆኖም የቤቱ ተከራይ ከሌላ ፋብሪካ አንድ የበርሜል ኤል እንዲገዛ መብት ተሰጠው። አራት ወጣቶች በአየርላንድ ስለ ኤል ካማረሩ 20 ዓመት ሳይሞላ፣ የሚወዱት መጠጥ በሕግ ቃል ተለይቶ መጠቀሱ ታላቅ ድል ነበር።

ነገር ግን ትእዛዙ የሚይዘው ቢራ የሚጠምቁትን ብቻ ነበር። ስለዚህ ኩባንያዎቹ 11,000 ያህል ቤቶች ለመልቀቅ ሲገደዱ ብዙዎቹን የገዟቸው ለዚሁ የተቋቋሙ፣ ቢራ የማይጠምቁ የንብረት ኩባንያዎች ናቸው። እነዚህ ጠማቂ ስላልሆኑ ሕጉ አይነካቸውም፤ ተከራዮቻቸውንም ከእነርሱ ብቻ እንዲገዙ አስገደዷቸው። ከ1742 ጀምሮ ይጠምቅ የነበረው ዊትብሬድና ስመ ጥሩው ባስ በ2000 የጠመቃ ሥራቸውን ለቤልጅግ ኩባንያ ሸጡ። ትእዛዙም በ2003 ተሻረ። ከጥቂት ጠማቂዎች እጅ የወጣው ቤት ነጻ ሰው ሳይሆን ሌላ ጌታ አገኘ። የቀድሞው ባለ ንብረት ክፉም ቢሆን ቢራው የሚሸጥበት ቤት እንዲቆም ይፈልግ ነበር፤ ለአዲሱ ግን ቤቱ ከነመሬቱ የሚሸጥ የሚለወጥ ንብረት ነበር። በተበደረው ዕዳ ሲጨነቅም ቤቱን ለመኖሪያ ወይም ለሱቅ መሸጥ ይቀለው ነበር።

6፤ ቤቱን የማዳን ትግል

በ2000 ገደማ በብሪታንያ 60,000 ያህል መጠጥ ቤቶች ነበሩ፤ በ2020 ከ50,000 በታች ሆነው ነበር። ለዚህ ምክንያቱ የባለ ንብረቶች ስስት ብቻ አይደለም። በትልልቅ መደብር ቢራ በርካሽ መሸጡ፣ በቀረጥ መጨመር፣ በቤት ውስጥ መዝናኛ መብዛት፣ በ2007 በእንግሊዝ በመጠጥ ቤት ማጨስ መከልከሉ፣ የሠራተኛው ሰፈር መበተን ሁሉም ድርሻ አለው። ማኅበሩ መቆጣጠር በሚቻለው ላይ አተኰረ። ከ2008 ጀምሮ ቀረጡ በየዓመቱ ከኑሮ ውድነት በላይ እንዲጨምር የተወሰነውን ሥርዓት ተቃውሞ ከ100,000 በላይ ፊርማ አሰባሰበ፤ ሥርዓቱም በ2013 ተሻረ። ስለ ታሰሩት ቤቶች በ2014 በሕግ መምሪያ ምክር ቤት በተደረገ ድምፅ መንግሥት 284 ለ269 ተሸነፈ። በዚህም መሠረት በ2016 ሥራ ላይ በዋለው ደንብ፣ 500ና ከዚያ በላይ የታሰሩ ቤቶች ያሏቸው ኩባንያዎች ተከራዮች በተወሰኑ ሁኔታዎች የገበያ ኪራይ ብቻ ከፍለው መጠጡን ከፈለጉበት እንዲገዙ ተፈቀደላቸው።

ከዚህ ይልቅ የሚጠቀሰው ጠጪዎች ራሳቸው ባለ ንብረት የሆኑበት ነው። በኩምብሪያ ገጠር በሄስኬት ኒውማርኬት መንደር የሚገኘውን ኦልድ ክራውን የተባለ መጠጥ ቤት በ2003 ከ100 የሚበልጡ ሰዎች በኅብረት ገዙት። በ2011 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ደግሞ አንድ ቤት ለማኅበረሰቡ የሚጠቅም ንብረት ተብሎ ከተመዘገበ፣ ባለቤቱ ሊሸጠው ሲፈልግ ነዋሪዎቹ ገንዘብ የሚያሰባስቡበት እስከ ስድስት ወር ጊዜ እንዲያገኙ ፈቀደ። በዚህ ሕግ መጀመሪያ የተመዘገበው መጠጥ ቤት በደቡብ ለንደን በነንሄድ ያለው አይቪ ሐውስ ነው፤ በ2013 የ371 ሰዎች ንብረት ሆነ።

በሰሜን ምዕራብ ለንደን በኪልበርን የነበረው ካርልተን ታቨርን ነገር ግን ከሁሉ ይበልጣል። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተሠራውን ይህን ቤት ባለ ንብረቱ አፍርሶ መኖሪያ ሊሠራበት ጠይቆ በማዘጋጃ ቤቱ ተከልክሎ ነበር። ቤቱ በቅርስ መዝገብ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው በ2015 ያለ ፈቃድ አፈረሰው። የሰፈሩ ሰዎች ክሱን አልተዉም። ማዘጋጃ ቤቱም ቤቱ እንደ ነበረ ተመልሶ እንዲሠራ አዘዘ፤ ይግባኝ ቢቀርብም ትእዛዙ በ2016 ጸና። ከፍርስራሹ የተገኘው ጡብና ሸክላ ተለቅሞ፣ ቤቱ ቀድሞ በተጠናው መሠረት እንደ ገና ተሠርቶ በ2021 ተከፈተ። ከ2017 ጀምሮም በእንግሊዝ ማንም ያለ ፈቃድ መጠጥ ቤት እንዳያፈርስ ወይም ለሌላ ሥራ እንዳይለውጥ በሕግ ተከለከለ።

የመጠጡና የቤቱ ዕጣ አንድ መሆኑ በግልጥ የታየው በመጋቢት 2020 ነው። በወረርሽኙ ምክንያት መጠጥ ቤቶች ሁሉ በአንድ ሌሊት ሲዘጉ፣ በጣሳና በጠርሙስ የታሸገው ቢራ በመደብር መሸጡን ቀጠለ፤ በየምድር ቤቱ የነበረው ኤል ግን ጠጪ ስላልነበረው ኮምጥጦ በየፍሳሹ ፈሰሰ። ኤልን ለ50 ዓመት የጠበቀው ማኅበር በር ከተዘጋ በርሜል ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ያን ጊዜ አየ።

7፤ መደምደሚያ

በዚህ ትግል ውስጥ ያልተፈታ ክርክር አለ። በ2018 በኮቨንትሪ በተደረገው ጉባኤ ማኅበሩ የሚከራከርለት መጠጥ ከእውነተኛ ኤል ሌላ መልካም ቢራንም ሁሉ እንዲያጠቃልል አሳብ ቀርቦ ነበር። ለማጽደቅ የሚያስፈልገው 75 ከመቶ ድምፅ ጥቂት ጐድሎት አሳቡ ወደቀ። ለውጡን የደገፉት መጠጥ ቤቱ ከሞተ ስለ በርሜሉ መከራከር ዋጋ የለውም አሉ፤ የተቃወሙት ደግሞ ትርጓሜውን የለቀቀ ማኅበር የሚከራከርለትን ነገር ያጣል አሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ትርጓሜው ባይኖር መጠጡ በ1970ዎቹ በጠፋ ነበር፤ ትርጓሜው ብቻውን ግን አንድም ቤት ሊያድን አልቻለም።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ይህ ነው። አንድን ጥንታዊ መጠጥ ለመጠበቅ አሠራሩን መዝግቦ ማስቀመጥ አይበቃም። ኤል የዳነው ጠማቂው፣ ባለ መጠጥ ቤቱና ጠጪው እያንዳንዳቸው የሥራ ድርሻቸውን በያዙበት ቦታ ነው፤ የጠፋውም ቤቱ የማን እንደ ሆነና ማን ሊሸጠው እንደሚችል ሳይጠየቅ በቀረበት ቦታ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ልማድ የሚያጠና ሰው ስለ ብቅሉና ስለ እርሾው ከጻፈ በኋላ፣ ቤቱ በማን ስም እንደ ተመዘገበ መጠየቅ ይገባዋል።